ቆሞ ለመሥራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ክርኑን ይለካ

«ተቀምጦ መሥራት ይሻላል ቆሞ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። የትኛውንም ቢሆን ቀኑን ሙሉ አትያዙት። ተቀመጡ፣ ከዚያ ቁሙ፣ ከዚያ ደግሞ ሄድ መለስ በሉ። ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሜትር፣ አንድ አናጺና ትንሽ ይሉኝታ ማጣት ነው። ስለ ይሉኝታው ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የነጋዴ ሂሳብ እሠራለሁ። ሐምሌ ሲገባ ደረሰኝ በፌስታል፣ በማዳበሪያ፣ አንዳንዴም በብስኩት ካርቶን ታጭቆ ይመጣል። ከዚያ በኋላ እኔና ወንበሩ ብቻ ነን። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ቁጥር ስትመታ የዋለች ሴት ማታ ስትነሳ የመጀመሪያ ቃሏ «ወይ ወገቤ!» ነው። ስለዚህ ነገሩን ቁጭ ብዬ፣ ይቅርታ፣ ቆሜ አጠናሁት።

የተጋነነውን እንቀንስ

ቆሞ መሥራት አያከሳም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ እንደሚለው፣ መቆም ከመቀመጥ የሚበልጠው በደቂቃ 0.15 ካሎሪ ያህል ብቻ ነው። በሰዓት 9 ካሎሪ ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ገደማ አለው። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ብሠራ ማኪያቶዬ ውስጥ የጨመርኳትን አንድ ማንኪያ እንኳ አላወራርድም።

የልብ ነገርስ? እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን አነጻጽረው ነበር። ተቀምጦ የሚነዳው ሹፌር ከረዳቱ ይበልጥ በልብ ሕመም ሲጠቃ አገኙት። ይህን የሰማ ሁሉ «ይኸው፣ መቆም ነው!» ይላል። ረዳቱ ግን ተገትሮ አልዋለም። የባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ነው የዋለው። በሐረጎ በኩል ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሚኒባስ ረዳት ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሰው ይጠራል፣ ይወርዳል፣ ዕቃ ይጭናል፣ ዘሎ ይገባል። ጤናውን የሰጠው እንቅስቃሴው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ83,000 በላይ የብሪታንያ ጎልማሶችን መረጃ አይተዋል። መቆም ብቻውን የልብ በሽታንም ሆነ ስትሮክን ሲቀንስ አልታየም። በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ መቆም ጭራሽ እግር ላይ ደም ሥር ተገትሮ ከመውጣትና ከመሳሰሉት ችግሮች ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ምክንያቱ አይገርምም። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ ነው የሚሄደው። የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ጡንቻው የሚገፋው ደግሞ ሲንቀሳቀስ ነው። ዝም ብሎ የቆመ ባት ሥራ ፈት ነው።

ታዲያ ለምን እንቆማለን? መቀመጡን ስለሚያቋርጥልን። ወገብና ትከሻ ሸክም ስለሚለዋወጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቆመ ሰው ለመሄድ አይሰንፍም። ተቀምጬ ከሆነ መደርደሪያው ላይ ያለውን ፋይል «አቀብሉኝ» እላለሁ። ቆሜ ከሆነ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

ቤት ውስጥ ቡፌ አለ? አጠር ያለ ፍሪጅ? ወይም የጎረቤት ሱቅ ባንኮኒ? ላፕቶፑን እዚያ ላይ አድርጋችሁ ጥቂት ቀን በትንሽ በትንሹ ሞክሩት። ያኔ ሁለት ነገር ታውቃላችሁ። አንደኛ፣ የትኛው ሥራችሁ ቆሞ እንደሚሆንና እንደማይሆን። ሁለተኛ፣ እግራችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚችል። ይህን ያላወቀ ሰው ጠረጴዛ ገዝቶ ልብስ ማስቀመጫ ያደርገዋል።

በኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ የሚለው ጠረጴዛ ጥሩ ነገር ነው። አልዋሽም፣ አምሮኛል። ግን መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቀራል። ከፍ ብሎ እያለ ከጠፋ ከሰዓቱን ሙሉ ቋሚ ናችሁ ማለት ነው። በእጅ የሚዘወር ከተገኘ ይሻላል። ከሁለቱም የሚረክሰው ግን አሁን ያለው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የእንጨት ሳጥን ነው። የምመክረውም እሱን ነው።

ቆሞ ማንበብ ለኛ ብርቅ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትሮኖስ አለ። መጽሐፉ ዘንበል ብሎ፣ በአንባቢው ደረት ልክ ይቀመጣል። አንባቢው አንገቱን አይሰብርም። ሰነድ በብዛት የምታነቡ ከሆነ ዘንበል ያለ ማስደገፊያ ጨምሩበት። ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ አንጋልሎ ሲያነቡ መዋል ለአንገት ጠላት ነው።

ልኩ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስትሠሩ የምትጫሙትን ጫማ አድርጉ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ትከሻችሁን አውርዱ፤ አንጠልጥላችሁ አትያዙት። ክርናችሁን ከጎናችሁ አስጠግታችሁ እጃችሁን ወደ ፊት እጠፉ። አሁን ሌላ ሰው ከወለሉ እስከ ክርናችሁ ድረስ ይለካ። ብቻችሁን አትለኩ፤ ሜትሩን ለማየት ስታጎነብሱ ልኩ ይዛባል።

ቁመቷ 160 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሴት ክርኗ አንድ ሜትር ገደማ ላይ ነው። 170 የሆነ ሰው 107 አካባቢ ይሆናል። የተለመደው የቢሮ ጠረጴዛ ከ72 እስከ 75 ሳንቲ ነው። የእኔን ቢጤ በ101 እናስላው። ጠረጴዛው 74 ነው። 101 ሲቀነስ 74፣ 27 ይቀራል። የኪቦርዱን ውፍረት 2 ሳንቲ ቀንሱ። ሳጥኑ 25 ሳንቲ ከፍታ ይኑረው ማለት ነው። ከተጠራጠራችሁ አንድ ሳንቲ ዝቅ ይበል። ከፍ ያለ ኪቦርድ ትከሻ ይሰቅላል። ዝቅ ያለውን በአንድ ጣውላ ማንሳት ይቻላል፤ ከፍ ያለው ግን መጋዝ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ስክሪን። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ በዓይናችሁ ልክ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሁን። ርቀቱ ክንድ ተዘርግቶ የጣት ጫፍ የሚደርስበት ይሁን። ለርቀትም ለቅርብም የሚያገለግል ባለ ሁለት እይታ መነጽር የምታደርጉ ግን ስክሪኑን የበለጠ ዝቅ አድርጉት። አለዚያ በታችኛው መስታወት ለማየት አገጫችሁን ወደ ላይ ስታነሱ ትውላላችሁ።

ላፕቶፕ እዚህ ላይ ነው የሚያስቸግረው። ስክሪኑና ኪቦርዱ አንድ ላይ ተጣብቀዋል። እጅ ሲመቸው አንገት ይጎዳል፣ አንገት ሲመቸው እጅ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ለብቻው ኪቦርድና ማውዝ ግዙ። ውድ መሆን የለበትም። ከሳጥኑም ከጠረጴዛውም በፊት የሚገዛው ይኼ ነው። ምንም ሌላ ነገር ባታደርጉ እንኳ ይህን አድርጉ።

አናጺው ጋ

አናጺው ስነግረው ትንሽ አሰበና «እህቴ፣ ወንበር ልሥራልሽ እንጂ!» አለኝ። ለመቆሚያ የሚሆን ዕቃ ያዘዘው ሰው አልነበረም። ስለዚህ «ቆሜ ልሠራበት ነው» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ሥዕል ይዛችሁ ሂዱ።

ሥዕሉ ባለ ሁለት ደረጃ ሳጥን ነው። የፊተኛው ደረጃ ዝቅ ያለ ነው፤ ኪቦርድና ማውዝ ይቀመጡበታል። በእኔ ስሌት 25 ሳንቲ ከፍታ አለው። ወርዱ ከ65 እስከ 70፣ ወደ ውስጥ ጥልቀቱ 30 ያህል። የኋለኛው ደረጃ ላፕቶፑን ይሸከማል። የስክሪኑ ቁመት 22 ሳንቲ ቢሆንና ዓይናችሁ 150 ላይ ቢሆን፣ ላፕቶፑ ከወለል 128 ላይ ይቀመጣል። ከዚህ የጠረጴዛውን 74 ቀንሱ፤ 54 ይሆናል።

እንጨቱ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ቺፑድ ይረክሳል፣ ግን ቡና ሲፈስበት ያብጣል። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ቡና መፍሰሱ አይቀርም። ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ አትቀበሉ፤ ሲደርቅ ይጣመማል።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ንገሩት። ጀርባውን በስስ ኮምፔርሳቶ ይዝጋው። ጀርባው ክፍት የሆነ ሳጥን በጻፋችሁ ቁጥር ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ስክሪኑም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ለሽቦ አንድ ቀዳዳ ይበቃል። የፊት ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ያድቦልቡልላችሁ፤ ሹል ጠርዝ የእጅ አንጓ ይጫናል። ከሥሩ የላስቲክ ቁራጭ ይለጥፍበት። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ እጃችሁን አሳርፋችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ከተነቃነቀ ይመለስ።

መቀመጡንም አስተካክሉ

የቀኑን ብዙውን ክፍል አሁንም ተቀምጣችሁ ነው የምታሳልፉት። ስለዚህ ወንበሩ ካልተስተካከለ መቆሙ ብቻ አያድንም።

እኛ አገር ጠረጴዛ ሁሉ ለረጅም ሰው የተሠራ ይመስላል። አጠር ያለች ሴት ክርኗ ከጠረጴዛው በታች ይቀራል። ወንበሩን ከፍ ስታደርግ እግሯ ይንጠለጠላል። መፍትሔው ወንበሩን ከፍ አድርጎ ከእግር ሥር በርጩማ ወይም ዱካ ማስገባት ነው። እግር ሙሉ በሙሉ ይረፍ። ጉልበት ከዳሌ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። የወንበሩ መደገፊያ ወገባችሁን ካልነካ ጋቢ ጠቅልላችሁ ከቀበቶ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ አስገቡ። ላፕቶፑን በሁለት ወይም በሦስት ቦክስ ፋይል ከፍ አድርጉት። የቦክስ ፋይል እጥረት ያለበት ቢሮ ደሴ ውስጥ አላየሁም።

እግርና ወለል

የደሴ ሲሚንቶ ወለል ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በረዶ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነን። ቅዝቃዜውም ጥንካሬውም ተረከዝ ውስጥ ይገባል። ከእግራችሁ ሥር ምንጣፍ አኑሩ። የመኪና የላስቲክ ምንጣፍ በጣም ይሆናል። ፍራሽ ስፖንጅ ግን አይሁን፤ እግር ይሰምጥበትና ቁርጭምጭሚት ሚዛን ሲጠብቅ ይደክማል።

ሒል ጫማ ለመንገዱም ለቢሮውም ከሆነ፣ ጠረጴዛው ሥር አንድ ስኒከር ይኑራችሁ። ልኩን የወሰዳችሁትም በእሱ ይሁን።

ስትቆሙ ጉልበታችሁን ቆልፋችሁ አትያዙ። አንዱን እግር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ከፍ ባለ ነገር ላይ አሳርፉ። ከዚያ ቀይሩ። ካህናትና ደብተራዎች ማሕሌት ቆመው ሲያድሩ በመቋሚያ ይደገፋሉ፣ ክብደታቸውን ያቀያይራሉ፣ ያሸበሽባሉ። ለረጅም ሰዓት መቆምን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እነሱም ቢሆኑ ደርቀው አይቆሙም።

የትኛው ሥራ ቆሞ፣ የትኛው ተቀምጦ

ሰዓት ከምታሰሉ ሥራችሁን ክፈሉት። እኔ ደረሰኝ የምለየው ቆሜ ነው። የገቢ እዚህ፣ የወጪ እዚያ፣ ማኅተም የሌለው ወለል ላይ። ስልክም ቆሜ ነው የማወራው፤ ብዙ ጊዜ እየተንጎራደድኩ። ኢሜይል ማንበብ ቆሞ ይሆናል። ቁጥር ፒችትሪ ውስጥ ማስገባትና የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ግን ተቀምጦ ነው። ሁለት ብር ከሃምሳ ሳንቲም የት እንደገባች የሚፈልግ ሰው እግሩን ማሰብ የለበትም።

ደንበኛ ቆሞ መቀበል የራሱ ጥቅም አለው። ወሬው ያጥራል።

እዚህ ላይ ነው ይሉኝታው የሚመጣው። ትልቅ ሰው ገብቶ ቆማችሁ ሲያገኛችሁ ለእሱ የተነሳችሁ ይመስለዋል። «በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጪ ልጄ» ይላል። ብትቀመጡ ሥራው ተቋረጠ። ባትቀመጡ እሱም አይቀመጥም። እኔ «አባባ፣ ወገቤን አሞኝ ነው» እላለሁ። ወገብ ሲባል ሁሉም ይረዳል፤ የራሱንም ወገብ ይነግራችኋል። ሌላው ደግሞ «ልትወጪ ነው እንዴ?» ይላል። ለእሱ ወንበር ሳቡለትና ሥራችሁን ቀጥሉ። ይለምደዋል።

ስንት ደቂቃ? መጀመሪያ ሳምንት በአንድ ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሰውነት ሲለምድ ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የብሪታንያ ስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የባለሙያዎች ምክር የቢሮ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት በድምሩ ሁለት ሰዓት ያህል እንዲቆም ወይም ቀለል ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ቀስ በቀስም ወደ አራት ሰዓት እንዲያደርሰው ይላል። ከላይ ያነሳሁትን የ2024 ጥናት ሳይ ግን መቆሙን ከሁለት ሰዓት ባላሳልፈው እመርጣለሁ። የቀረውን በእግር እሞላዋለሁ።

ሰዓት አስታዋሽ ስልክ ላይ መሙላት ይቻላል። እኔ ግን በአዛን እጠቀማለሁ። ጎኔ ያለው ቢሮ ልጅ ለዙህርና ለአስር ሶላት ሥራውን አቁሞ ይነሳል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን አዛኑ ሲሰማኝ አብሬው እነሳለሁ። ደረጃውን ወርጄ እወጣለሁ። ወሎ ውስጥ ይኼ ማንንም አይገርምም። በመሃል ቡና አለ፣ ማተሚያ ቤት መላክ ያለበት ወረቀት አለ። ተላላኪ ከመላክ ራሳችሁ ሂዱ። ደሴ ሜዳ መንገድ ስለሌላት የትም ብትሄዱ ባታችሁ ይሠራል።

ሰፊውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት ላይ የወጣና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት፣ በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንደመራመድ ያለ እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ሰዎች ላይ የብዙ ሰዓት መቀመጥ ያለጊዜ የመሞት አደጋን ጨምሮ አላገኘውም። ሁሉም ያን ያህል ጊዜ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። ጠዋት ባጃጁን ትቶ በእግር የሚመጣ ሰው ይህን ሳያስበው ይሞላዋል።

በጾም ወይም በረመዳን፣ በተለይ ውኃ ሳይጠጣ፣ የሚያዞረው ሰው መቆሙን ይቀንስ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድና ሲነሳ ዓይኑ የሚጨልምበትም እንዲሁ። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ግን ያ የጠረጴዛ ጉዳይ አይደለም። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የወገብ ሕመም ይዞ እግር የሚደነዝዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር ያቃተው ሰውም እንዲሁ፤ ሳጥን አያዝዝ፣ ሆስፒታል ይሂድ።

ቀኑን ሙሉ ቆመው ለሚውሉ

እህቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ ነው የምትሠራው። የእኔን ሳጥን ስታይ ስቃ ልትሞት። «አንቺ ለመቆም ትከፍያለሽ፣ እኔ ለመቀመጥ እለምናለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ተቀምጦ ለሚውል ሰው ነው። ቆሞ ለሚውል ምክሩ ይገለበጣል። በካናዳ ኦንታሪዮ ከ7,000 በላይ ሠራተኞችን ለ12 ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ በአብዛኛው ቆመው የሚሠሩት በአብዛኛው ተቀምጠው ከሚሠሩት ይልቅ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል።

ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ ይሞቃል። ሙቀት የእግር እብጠትን ያብሳል። ለእሷ የነገርኳት ይኼን ነው። ማሽኑ ሥር እግር ማሳረፊያ ጣውላ አድርጊ፣ እያቀያየርሽ ርገጪ። ባለሽበት ተረከዝሽን አንሺና መልሺ፤ ባትሽ ደሙን ይገፋል። በምሳ ሰዓት ቆመሽ አታውሪ፤ ተቀመጪና እግርሽን ሌላ ወንበር ላይ ስቀዪ። ማታ ስትጋደሚ ከእግርሽ ሥር ትራስ አድርጊ። እግር የሚያጠብቀውን ረጅም ካልሲ ሐኪም ካዘዘልሽ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ ልበሺው። ካበጠ በኋላ አይገባም፤ ቢገባም እብጠቱን አስሮ ይይዘዋል።